አንድ ማሳ፣ ብዙ ባለመብት፦ የሱንዳ ገበሬዎች መንደር ቅኝት

በምዕራብ ጃቫ ከጋሩት ወደ ታሲክማላያ የሚወስደው መንገድ የተራራውን ወገብ ይዞ ይጠማዘዝና ነግላሳሪ የምትባል የገጠር ቀበሌ ሲደርስ በአንድ ወገኑ ገደል ይከፈታል። ቁልቁል ሲያዩ ከታች የቺዉላን ወንዝ አለ፤ በወንዙ ዳር ጥቁር ክዳን ያላቸው ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከቤቶቹ አንስቶ ሽቅብ ደግሞ በእርከን የተደራረበ የሩዝ ማሳ ነው። ወደ መንደሩ የሚያወርደው ደረጃ ከ400 በላይ መርገጫ አለው። መንደሩ ካምፑንግ ናጋ ይባላል።

ጎብኚ ወደዚህ የሚመጣው ቤቶቹን ለማየት ነው። እኛ ደረጃውን የምንወርደው ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ነው፤ ይህ ሁሉ የማን ነው? ማሳው፣ ውኃው፣ ጎተራው፣ ቀርከሃው፣ በኩሬው ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ካምፑንግ ናጋ ብቻውን አይበቃም። ወጉን አጥብቆ የያዘ ልዩ መንደር ስለሆነ፣ በዙሪያው ያሉትን ተራ መንደሮችም እግረ መንገዳችንን ማየት ይኖርብናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋውና ሕዝቡ

ሱንዳዎች የጃቫ ደሴትን ምዕራባዊ ክፍል የያዙ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ቁጥራቸው ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋል፤ በኢንዶኔዥያ ከጃቫዎች ቀጥሎ ትልቁ ብሔር ናቸው፤ አብዛኞቹም ሙስሊሞች ናቸው። ዋነኛው የእርሻ አገራቸው ፕሪያንጋን የሚባለው ደጋ ሲሆን ባንዱንግን፣ ቺያንጁርን፣ ሱመዳንግን፣ ጋሩትንና ታሲክማላያን ያቅፋል። ለም አፈሩን የሰጣቸው እሳተ ገሞራ ነው፤ ሲከፋም የሚነጥቃቸው እሱ ነው። ከዚህ መንደር ብዙም የማይርቀው የጋሉንግጉንግ ተራራ በ1982 ፈንድቶ ለወራት አመድ ሲያዘንብ፣ በታሲክማላያ ዙሪያ ያሉ ማሳዎች ተቀብረዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ቀዬውን ጥሎ ተሰዷል።

በውኃ የሚለማው የሩዝ ማሳ፣ በአገሬው አጠራር ሳዋህ፣ ለዚህ ደጋ የቆየ ነገር አይደለም። የጥንት ሱንዳዎች ጫካ መንጥረውና አቃጥለው በዝናብ ሩዝ የሚዘሩ፣ መሬቱ ሲደክም ትተውት ወደ ሌላ የሚዘዋወሩ ሕዝብ ነበሩ። ሳዋህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከማዕከላዊ ጃቫው የማታራም መንግሥት ጋር ገባ፤ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደጋውን አዳረሰው። እርከን መካብ፣ ቦይ መቆፈር፣ ውኃ መጥለፍ የዓመታት ድካም ይጠይቃል፤ ያን ያህል የለፋበትን ቦታ ማንም ጥሎ አይሄድም። ቋሚ ማሳ ሲመጣ ቋሚ ባለቤት፣ ቋሚ ድንበርና ቋሚ ሙግት አብረው መጡ።

እርከኑ

አሁን ደረጃው በእርከኖቹ መካከል ይወርዳል። ማሳዎቹ ትንንሽ ናቸው። ገበሬው የሚለካቸው ባታ ወይም ቱምባክ በሚባል መስፈሪያ ነው፤ አንድ ባታ 14 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሄክታር ወደ 714 ባታ ይሆናል። መቶ ባታ ያለው ሰው ማለት እንግዲህ 1,400 ካሬ ሜትር ያለው ሰው ነው። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከግማሽ ሄክታር በታች ያለውን ገበሬ በልዩ ስም ለይቶ ይመዘግባል፤ በጃቫ ደሴት ከሚያርሱት ቤተሰቦች የሚበዙት ከዚህ መስመር በታች ናቸው። በ1960 የወጣው የመሬት ይዞታ ሕግ ለእያንዳንዱ የገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲኖረው ተመኝቶ ነበር። በዚህ ደጋ ያ ምኞት ሊደረስበት የማይቻል ነበር፤ ለሁሉም የሚዳረስ ያን ያህል መሬት የለም።

ታዲያ 100 ባታ ያለው፣ ወይም ጭራሹን ምንም የሌለው ሰው በምን ይኖራል? በድርሻ ይኖራል። በአንድ ማሳ ላይ የሚበላው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ካረጀ፣ ወደ ከተማ ከሄደ ወይም ጉልበት ካነሰው ማሳውን ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል፤ ይህ ነንጋህ ይባላል። ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚችል ይነጋገራሉ፤ ምርቱ ሲገባ ለሁለት ይካፈላሉ። ችግኙን በረድፍ የሚተክሉትና አረሙን የሚነቅሉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። በብዙ መንደሮች ቸብሎካን በሚባለው ልማድ ተክለውና አርመው የቀን ዋጋ አይቀበሉም፤ በምትኩ ያንኑ ማሳ የማጨድ መብት የእነሱ ይሆናል፤ ካጨዱት ላይ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ እጅ ያነሳሉ።

በሒሳብ እንየው። በሄክታር 5 ቶን ብናሰላ፣ 100 ባታ በአንድ ምርት 700 ኪሎ ያህል ያልተፈለፈለ ሩዝ ይሰጣል። አጫጆቹ አምስተኛውን፣ ማለትም 140 ኪሎ፣ ያነሳሉ። ከቀረው 560 ኪሎ እኩል አራሹ 280፣ ባለቤቱ 280 ይወስዳሉ። ማሳው በስሙ ለሆነው ሰው የደረሰው ከግማሽ በታች ነው። ሌላው በስማቸው አንዲት ካሬ ሜትር መሬት ወደሌላቸው ቤቶች ገብቷል። ሲጨድ የረገፈውን ቃርሚያ የሚለቅሙ አሉ፤ ከአጨዳ በኋላ ዳክዬ የሚያሰማሩ አሉ፤ እስከሚቀጥለው ተከላ በውኃ በተሞላው ማሳ ላይ የዓሣ ጫጩት የሚለቁም አሉ።

ሌላም ባለመብት አለ። ለልጅ ሠርግ፣ ለሕመም ወይም ለትምህርት ቤት ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ማሳውን በወለድ አገድ ያስይዛል፤ ሱንዳዎች ጋደ ይሉታል። አበዳሪው ገንዘቡ ወይም ወርቁ እስኪመለስ ማሳውን ያርሳል ወይም ያሳርሳል፤ ሰብሉንም ይበላል። ሕጉ ይህን ብዝበዛ አይቶ በ1960 ቁርጥ ያለ ድንጋጌ አስቀምጧል፦ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ በአገድ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ምንም ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ። ሰባት ዓመት ሰብል የበላ ሰው ገንዘቡን ከነትርፉ አግኝቷል ማለት ነው። ሆኖም ጎረቤቱን፣ ብዙ ጊዜም ዘመዱን፣ በዚህ ሕግ የሚከስ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ የሚያበድረው ያው ሰው ነው።

ማጭዱና ወፍጮው

ይህ የድርሻ ሥርዓት ሳይነካ የኖረ እንዳይመስለን። ቀድሞ የመከር ደጅ ክፍት ነበር፤ እተም የምትባለውን፣ በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ምላጭ የያዘች ሴት ወደ ማሳው ገብታ ዛላ በዛላ እየቆረጠች ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት አጫጭር አገዳና ፈጣን ዕድገት ያላቸውን አዳዲስ የሩዝ ዝርያዎች ከማዳበሪያና ከብድር ጋር አሰራጨ። ኢንዶኔዥያ በ1984 በሩዝ ራሷን መቻሏን አስታወቀች፤ ይህ እውነተኛ ስኬት ነው፤ ያዳነው ሕይወት ብዙ ነው። ግን አጭሩ ሩዝ የሚታጨደው በማጭድ ነው፤ ማጭድ ጥቂት ሰው ይፈልጋል። ነጋዴዎች ያልታጨደ ሰብል በቁሙ እየገዙ የራሳቸውን አጫጆች ይዘው መምጣት ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ መንደሮቹን ሲያጥለቀልቅ፣ በዘነዘናና በሙቀጫ ሩዝ ፈልፍለው እህል የሚያገኙ ድሃ ሴቶች ያን ሥራ አጡ።

ከእነዚህ ለውጦች በአንዱም የማሳው ባለቤት ስም አልተቀየረም። መዝገብ ቤት ሄዶ ያየ ሰው ምንም አልተነካም ይላል። የጠፉት በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፉት መብቶች ናቸው፤ የጠፉባቸውም ከሁሉ የደከሙት ሰዎች ናቸው።

ቤቶቹ

ደረጃው አልቆ ወንዙን ተከትለን መንደሩ ዘንድ ደርሰናል። ካምፑንግ ናጋ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ቤቶች ያሉት ሲሆን ሁሉም በአንድ ቅርጽና በአንድ አቅጣጫ ተሠርተዋል። ግድግዳቸው የቀርከሃ ሽመና ነው፤ ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ያረፈ ነው፤ ክዳናቸው ኢጁክ የሚባለው ጥቁር የዘንባባ ጭረት ነው። የዓሣ ኩሬዎቹ፣ መታጠቢያዎቹ፣ የከብት በረቱና ሩዝ የሚወቀጥበት ዳስ ከመንደሩ አጥር ውጭ ናቸው። የመንደሩ ሰዎች የኤሌክትሪክ መስመር እንዲገባላቸው አልፈቀዱም። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ፦ ኢጁክና ቀርከሃ እሳት ይፈራሉ፤ መብራት ከገባ ደግሞ አንዱ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ሲገዛ ሌላው ባዶ እጁን ስለሚቀር በቤቶች መካከል ልዩነት ይፈጠራል። እሳትን የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። የእስላማዊ መንግሥት ምሥረታ ያወጀው የዳሩል ኢስላም ሸማቂ ጦር በ1956 መንደሩን አቃጥሎታል። ሰዎቹ መልሰው ሲሠሩት በቀድሞው ቅርጽ ሠሩት።

የሱንዳ ገበሬ ቤት ከውስጥም የራሱ የይዞታ ሥርዓት አለው። ፊት ለፊቱ የእንግዳ ነው። በስተኋላ ምድጃው ካለበት አጠገብ ጎዋህ የምትባል ትንሽ የሩዝ ጓዳ አለች፤ በወጉ መሠረት ወንድ አይገባባትም። ማሳው በባልየው ስም ቢሆንም ሩዙ ጎዋህ ከገባ በኋላ ስንት እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚበደር የምትወስነው ሴቲቱ ናት። በብዙ ቦታ ሩዝ የራሱ እመቤት አለችው፤ ኒ ፖሃቺ ይሏታል። ከእስልምና በፊት የመጣ እምነት ነው፤ እስከ ዛሬም በመከር በዓላት ይታሰባል።

በትዳር ውስጥ ያለው ሀብት ለሁለት ይለያል። እያንዳንዱ ከወላጆቹ ይዞት የመጣው የግሉ ሆኖ ይቆያል፤ በጋብቻ ዘመን በጋራ ለፍተው ያፈሩት ጉና ካያ ይባላል፤ ሲፋቱ ለሁለቱም ይደርሳል። በውርስ ጊዜ ሸሪዓው ለወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይሰጣል፤ በ1991 የወጣው የኢንዶኔዥያ የእስልምና ሕግ ድንጋጌም ይህንኑ ይዟል። ብዙ የሱንዳ ወላጆች ግን በሕይወት ሳሉ ማሳቸውን ለልጆቻቸው በስጦታ ያከፋፍላሉ፤ ሴትና ወንድ ሳይሉ እኩል የሚሰጡም አሉ። ፍትሐዊ ነው፤ ግን ማሳውን ይበጣጥሰዋል። ያ 100 ባታ ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25 ባታ፣ ማለትም 350 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ውርሱ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ስደት ይመራል።

መንደሩ ለዚህ ድህነት የራሱን መከላከያ አበጅቷል። ለዊት የሚባለው ጎተራ በካምፑንግ ናጋ የጋራ ነው፤ ነዋሪው ከምርቱ የሚያዋጣው ሩዝ ለሥርዓተ በዓላትና ለጋራ ሕንፃዎች እድሳት ይውላል። በሌሎች የሱንዳ መንደሮች ደግሞ ፐረሌክ የሚባል ልማድ አለ፤ ከየቤቱ ደጃፍ በየጊዜው ጭብጥ ሩዝ ይሰበሰብና ለአቅመ ደካሞች ይሰጣል። አሪሳን የሚሉት ደግሞ እንደ እኛው እቁብ ነው፤ በዕጣ ይዞራል።

ጓሮውና ቀርከሃው

ከቤቶቹ ጀርባ ወጣ ስንል ዓይን የሚሞላ ጓሮ እናገኛለን። ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ የመድኃኒት ቅጠል ሁሉ በአንድ ላይ ተደራርቦ ይበቅላል። በባንዱንግ የፓጃጃራን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምህዳር ሊቅ ኦቶ ሱማርዎቶና ባልደረቦቹ ይህን ጓሮ ለዓመታት ሲያጠኑ፣ ከተክሉ ብዛት ሌላ ማኅበራዊ ጎኑንም መዝግበዋል። በቀድሞው ልማድ ጓሮ አይታጠርም ነበር፤ ጎረቤት መድኃኒት ቅጠል ወይም ለወጥ የሚሆን ጥቂት አትክልት ጠይቆ ይወስዳል፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል። ለገበያ የሚሆን ተክል ሲበዛ አጥሩም በዛ።

ከጓሮው ወዲያ ታሉን የሚሉት የቀርከሃ ቦታ ይጀምራል። ቀርከሃው ይቆረጣል፤ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ተቃጥሎ አመዱ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፤ ሁለት ዓመት ያህል አትክልት፣ ባቄላና ካሳቫ ይዘራበታል። ከዚያ ሥሩ ውስጥ የቀረው ቀርከሃ እንደገና ያቆጠቁጥና ለአራት ዓመት ያህል መሬቱን ሸፍኖ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ ቀርከሃውን ይሸጣል፤ ጎረቤቱ ደረቅ ጭራሮ ይለቅማል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጥቅጥቅ ጫካ ግን ለካምፑንግ ናጋ ሰዎች የተከለከለ ነው፤ እንጨት አይቆረጥበትም፣ ሰውም አይገባበትም። ማንም ስላልነካው ገደሉ ቆሟል፤ የመንደሩ ውኃም አልደረቀም።

የቡናው ዘመን እና የመንግሥት መሬት

ጫካው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ታሪክ ይወስደናል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኢትዮጵያ ደጋ የወጣ ተክል አለ። ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሕንድ ማላባር ተሻገረ፤ ከማላባር ደግሞ በ1690ዎቹ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወደ ጃቫ አመጣው። በ1711 ከቺያንጁር የመጀመሪያው ምርት ለኩባንያው ቀረበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የፕሪያንጋን ገበሬ ቡና እየተከለ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ አስገዳጆቹ የራሱ መሳፍንት ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ጆንያ ድርሻ ያገኙ ነበር። ግዴታው መልኩን እየለዋወጠ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘለቀ። በአገራችን ጫካ ለሰው ደስታ የበቀለ ፍሬ፣ በዚያ ደጋ ለስድስትና ለሰባት ትውልድ የጉልበት ዕዳ ሆነ።

በ1870 የቅኝ ግዛቱ የመሬት ሕግ ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ደነገገ፤ በዚህ መንገድ ተዳፋቱ ለሻይ፣ ለጎማና ለኪኒን ተክል ኩባንያዎች ለ75 ዓመት በሊዝ ተሰጠ። ነፃነት ከመጣ በኋላ በመስከረም 1960 የጸደቀው መሠረታዊ የመሬት ሕግ ያን ድንጋጌ ሽሮ መሬት ማኅበራዊ ተግባር አለው ሲል ጻፈ። ነገር ግን ብዙው የተክል ይዞታ ለአዲስ ኩባንያ ተላለፈ፤ ሰፊው ጫካም በመንግሥት የደን ድርጅት እጅ ሆነ። በጋሩት፣ በታሲክማላያና በቺያሚስ እነዚህን መሬቶች ይዘው የሚያርሱ ገበሬዎች በ2000 የፓሱንዳን ገበሬዎች ማኅበርን መሥርተው እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በግንቦት 2013 የባህላዊ ማኅበረሰቦች ደን የመንግሥት ደን አይደለም ሲል ፈርዷል። በባንተን ክፍለ ሀገር ያለው የሱንዳዎች ማኅበረሰብ ካሰፑሃን ካራንግ በ2016 መጨረሻ ደናቸው በይፋ ከታወቀላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

መዝገቡ

ቅኝታችን የሚያበቃው ከደረጃው በላይ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። እዚህ የቆየ የመሬት ግብር መዝገብ አለ፤ ገበሬውም ቤቱ ኪኪቲር የሚባለውን የግብር ወረቀት አጣጥፎ አስቀምጧል። ለብዙ ዘመን ሰው መሬቱን ያስመሰከረው በዚህ ወረቀትና በጎረቤት ቃል ነው። ሕጉ ግን ጠንካራ ማስረጃ የሚለው በመሬት መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን ካርታ ነው። ከ2017 ጀምሮ መንግሥት ቀበሌ በቀበሌ እየዞረ ሁሉንም ይዞታ የሚመዘግብበት ሰፊ ዘመቻ ከፍቷል። ካርታ ያገኘ ገበሬ ከባንክ መበደር ይችላል፤ ጉልበተኛ ድንበሩን ሲገፋበት የሚያሳየው አለው። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ካርታው መሸጥንም አቅልሏል። ከባንዱንግና ከጃካርታ የመጡ ገዢዎች ለቪላና ለቁጠባ የሚሆን ማሳ ይገዛሉ። በ1961 የወጣው ደንብ ከእርሻው ወረዳ ውጭ የሚኖር ሰው የእርሻ መሬት እንዳይዝ ይከለክላል፤ በሌላ ሰው ስም እየተገዛ ይታለፋል። ከቺያንጁርና ከሱካቡሚ ብዙ ሴቶች በአገድ የተያዘ ማሳ ለማስለቀቅና ለልጆቻቸው የጡብ ቤት ለመሥራት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደዋል፤ መንግሥት በ2015 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ይህን ጉዞ ከከለከለ በኋላም በስውር የሚሄዱ አልጠፉም። እህቶቻችን በጅዳና በሪያድ በዚያው ሥራ ላይ ናቸውና የዚያ ገንዘብ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። ያቺ ሴት ገንዘብ ልካ ያስለቀቀችው ማሳ ካርታ ሲወጣለት በባሏ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ጉና ካያዋ በወረቀት ላይ የለም።

ካርታው ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። እኩል አራሹ አይጻፍም፤ ተክለው የሚያጭዱት ሴቶች አይጻፉም። መሬቱ ለከተማ ሰው ሲሸጥ ሻጩ ዋጋውን ይቀበላል፤ እነሱ ግን ካሳ የሚጠይቁበት ወረቀት የላቸውም፤ ከዓመት ዓመት የበሉት ድርሻ በአንድ ፊርማ ይቋረጣል። እኩል አራሹን ከዚህ የሚጠብቅ ሕግ ግን ከተጻፈ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የ1960ው ቁጥር 2 ሕግ የእኩል እርሻ ውል በቀበሌው ሹም ፊት፣ በምስክሮች፣ በጽሑፍ ይደረግ ይላል፤ ለሳዋህ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ለደረቅ ማሳ 5 ዓመት እንዲጸና ያዛል፤ የመሬት ግብሩን ባለቤቱ እንጂ አራሹ እንዳይከፍልም ይደነግጋል። በተግባር ውሉ ዛሬም በቃል ነው።

መንግሥት እያንዳንዱን ባታ የሚለካ ቀያሽ ወደየመንደሩ መላክ ችሏል። ከቀያሹ ጎን ውል የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊ ቢያስቀምጥ፣ የእኩል አራሹ ውል፣ የቸብሎካን ሴቶች የመከር መብትና የሚስት ድርሻ ከባለቤቱ ስም ጋር ሊጻፉ ይችላሉ። ለመኖሪያ ቤቱ መብራትን እምቢ ያለ መንደር፣ በጎረቤቶች መካከል እኩልነትን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚከፈል ያውቃል። የካርታው ዘመቻ ይህን ያህል እንዲከፍል አይጠየቅም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አገሪቱ ራሷ በ1960 ያወጣችውን ሕግ እንዲያከብር ነው።